ፎርማት ከተደረገ በኋላ የሚንቀራፈፍ ስክሪን፦ ራም ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔ ኮር አይ5 8ኛ ትውልድ ነው፤ 8 ጊጋ ራም እና ኤስኤስዲ አለው። በቅርቡ ፎርማት አስደርጌ ዊንዶውስ 11 ከተጫነበት ወዲህ ግራፊክሱ በጣም ይንቀራፈፋል። ዊንዶ ስጎትት ከማውሱ ኋላ ይቀራል፣ ድረ ገጽ ወደ ታች ሳወርድ ይቆራረጣል፣ ቪዲዮ ይዘላል፣ ከባድ ነገር ሳልከፍት ፋኑ ይጮኻል። የስክሪኑ ብርሃን መቀነሻም ጠፍቷል። 4ኬ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ስሰካ ድሮም ማውሱ ከበድ ይል ነበር፤ አሁን ግን ጭራሽ አያየውም። ራም ልጨምር ወይስ ኮምፒውተሩ አርጅቷል?»

መልስ፦

ለጊዜው ራምም ሆነ አዲስ ላፕቶፕ አይግዙ። ከዘረዘሯቸው ምልክቶች ሁሉ ነገሩን የምታስረዳው በመሀል ጣል ያደረጓት «የብርሃን መቀነሻም ጠፍቷል» የምትለዋ ናት። በላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ የስክሪኑን ብርሃን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ግራፊክስ ቺፑን በሚያዝበት ፕሮግራም በኩል ነው። ድራይቨሩ ከሌለ መቆጣጠሪያው ከሴቲንግ ውስጥ ይጠፋል፣ ወይም ቢንቀሳቀስም ብርሃኑ አይለወጥም። ውጫዊው ሞኒተር የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፎርማት ሲደረግ የግራፊክስ ድራይቨሩ አልተጫነም፣ ወይም ተጭኖ አልሠራም ብዬ አጥብቄ እጠረጥራለሁ። ማረጋገጡ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የ4ኬ ሞኒተሩ ድሮም ከባድ መሆኑ ግን ሌላ ችግር ነው። ድራይቨሩ ሲስተካከል ሞኒተሩ ተመልሶ ይታያል፣ ክብደቱም አብሮት ይመለሳል። ስለእሱ ለብቻው እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ግን ምን እየሆነ እንዳለ ላስረዳ። በዊንዶውስ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ገጽ ለብቻው ይሥላል። እነዚህን ገጾች ደራርቦ፣ ጥላቸውን ጨምሮ፣ አንድ ምስል አድርጎ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ዴስክቶፕ ዊንዶው ማኔጀር የሚባለው የሲስተሙ ክፍል ነው። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ ይህን በሰከንድ 60 ጊዜ ማድረስ አለበት፤ ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ግራፊክስ ቺፑ ለዚህ ሥራ ስለተሠራ ሳይጨነቅ ይወጣዋል። ድራይቨር ከሌለ ግን ዊንዶውስ ቺፑን እንዴት እንደሚያዘው አያውቅም፤ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚባል የመጠባበቂያ ድራይቨር ይዞ ይነሣል፣ ሥዕሉንም በሙሉ ለፕሮሰሰሩ ያሸክመዋል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክስል አለው። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲባዛ ከ124 ሚሊዮን በላይ ይሆናል፤ ዊንዶዎች ሲደራረቡና ግልጽነት ያለው ዳራ ሲኖር ደግሞ አንዱ ፒክስል ከአንድ ጊዜ በላይ ይሰላል። ዊንዶው ከማውሱ ኋላ የሚቀረው፣ ገጹ የሚቆራረጠው፣ ፋኑም ያለ ምክንያት የሚጮኸው ለዚህ ነው። ቪዲዮውም ያው ነው፤ ቺፑ ውስጥ ያለው የቪዲዮ ፈቺ ክፍል ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይለፋል።

አሁን ያረጋግጡ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑና ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። በግራ በኩል ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ፣ ዋይፋይ እያለ ይወርዳል። ከታች «ጂፒዩ 0» (ግራፊክስ ቺፑ ማለት ነው) የሚል ከሌለ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ነው። የበለጠ በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ወደ ፕሮሰስስ ገጽ ይመለሱና ዝርዝሩን በሲፒዩ ቅደም ተከተል ያድርጉት። ከዚያ ሌላ ዊንዶ ከአናቱ ይዘው ለ10 ሰከንድ ያህል ሳያቋርጡ በክብ ያዙሩት፤ ዓይንዎ ግን ዴስክቶፕ ዊንዶው ማኔጀር የሚለው መስመር ላይ ይሁን። ጤነኛ ማሽን ላይ ጥቂት ፐርሰንት ላይ ይቆያል። እርስዎ ጋ ከፍ ብሎ ከዝርዝሩ አናት ላይ ከወጣና ዊንዶውን ሲለቁት ወዲያው ከወረደ፣ ስክሪኑን እየሣለ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው።

ቀጥሎ የዊንዶውስ ቁልፍንና የኤክስ ፊደልን አንድ ላይ ተጭነው ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ይዘርጉት። ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ብቻ ካለ ድራይቨሩ የለም። በብዙዎቹ የ8ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ላፕቶፖች ላይ ሊታይ የሚገባው ስም ኢንቴል ዩኤችዲ ግራፊክስ 620 ነው። ስሙ ኖሮ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ከተደረበበት ሁለት ጊዜ ክሊክ ያድርጉና ዲቫይስ ስታተስ በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለውን የኮድ ቁጥር ያንብቡ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 22 ደግሞ ዲቫይሱ እንዳይሠራ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ራይት ክሊክ አድርጎ ኢኔብል ማለት ይበቃል፣ ሌላ ምንም መጫን አያስፈልግም። ኮድ 43 ዲቫይሱ ራሱ ችግር ስላመለከተ ዊንዶውስ አስቁሞታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በተበላሸ ድራይቨር ይመጣል፤ ንጹሕ ድራይቨር ከተጫነ በኋላም የማይለቅ ከሆነ ግን የሃርድዌር ጉዳት መጠርጠር ይገባል።

ድራይቨሩን ከየት ያምጡት? መጀመሪያ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብተው አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚለውን ይክፈቱ። ድራይቨር አፕዴትስ በሚለው ሥር ኢንቴል የሚል ስም ካለ ምልክት አድርገውበት ያውርዱት። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚሁ ላይ ያልቃል፤ ፎርማት ያደረገው ሰው ኢንተርኔት ሳያገናኝ ጨርሶ ስለሰጠ ብቻ ሳይወርድ የቀረ ነው። እዚያ ከሌለ የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ፣ ከሆዱ ሥር የተለጠፈውን መለያ ቁጥር አስገብተው የራሱን ሞዴል ገጽ ያግኙ። የቺፕሴቱን (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኘውን ቺፕ) ድራይቨር መጀመሪያ፣ የግራፊክሱን ቀጥሎ ይጫኑ። ከኢንቴል በቀጥታ የሚወርደው አዲሱ ድራይቨርም ይሠራል፤ ሲጭኑት ግን «ለዚህ ኮምፒውተር የተረጋገጠ አይደለም» የሚል መልእክት ካመጣ አምራቹ በራሱ መንገድ ያስተካከለው ድራይቨር ያስፈልገዋል ማለት ነውና አይታገሉት፣ ወደ አምራቹ ገጽ ይመለሱ።

«ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም። ለእርስዎ ሞዴል ያልተስማማ ድራይቨር ይጭናሉ፤ ሌሎች የማይፈለጉ ፕሮግራሞችንም ይዘው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው ድራይቨር ከየት እንደመጣ መለየት በጣም ያስቸግራል፤ እርስዎ አሁን ያለብዎትን ዓይነት ችግርም ሊያመጡ ይችላሉ።

ከተጫነ በኋላ ሪስታርት ያድርጉ። ሻትዳውን አድርጎ መልሶ ማብራት ከሪስታርት ጋር አንድ አይደለም። ፋስት ስታርታፕ የሚባለው አሠራር ሻትዳውን ሲደረግ የሲስተሙን ማዕከላዊ ክፍልና ድራይቨሮቹን ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግሥቱ እንዳሉ ያነሣቸዋል፤ በሙሉ ከዜሮ የሚጀምረው ሪስታርት ሲደረግ ብቻ ነው። «ድራይቨር ጭኜ ለውጥ የለም» የሚሉ ብዙ ሰዎች ሪስታርት ያላደረጉ ናቸው።

አልሳካ ካለ አሮጌውን አጥርቶ መጀመር ነው። መጀመሪያ ትክክለኛውን ድራይቨር አውርደው ያስቀምጡ። ከዚያ ዋይፋዩን ያጥፉ፤ አለበለዚያ እርስዎ ሲያነሡ ዊንዶውስ አፕዴት ከኋላ ሆኖ ያንኑ የተበላሸውን ይመልሰዋል። በዲቫይስ ማኔጀር ላይ ስሙን ራይት ክሊክ አድርገው አንኢንስቶል ይበሉ፣ ድራይቨሩንም አብሮ እንዲያጠፋ የምትጠይቀዋ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ አይርሱ። ሪስታርት፣ አዲሱን መጫን፣ እንደገና ሪስታርት። ይህም ካልበቃ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ የሆኑትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ በሚነሣበት ሁኔታ ሆኖ ቅሪቱን ሁሉ ያጸዳል። ሴፍ ሞድ ለመግባት ሺፍትን ተጭነው ይዘው ሪስታርት ይበሉ፤ ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት እያሉ ይሂዱና ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን ይጫኑ። ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ በዚህ መንገድ ሲገቡ 48 አሃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅዎት ይችላል። ብዙ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ባለቤቱ ሳያውቅ ተቆልፈው ይገኛሉ። ቁልፉ አካውንትዎ ውስጥ መኖሩን አይተው፣ በወረቀት ጽፈው ይዘው ብቻ ይጀምሩ።

ላፕቶፑ ከኢንቴሉ ሌላ ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ ግራፊክስ ካርድም ያለው ከሆነ አንድ ስሕተት ይጠንቀቁ። ሰዎች ትልቁን ካርድ ብቻ አይተው የኤንቪዲያውን ድራይቨር ይጭናሉ፣ የኢንቴሉ ግን ባዶ እንደሆነ ይቀራል። በአብዛኞቹ ባለሁለት ግራፊክስ ላፕቶፖች ላይ የላፕቶፑ ስክሪን የተገናኘው ከኢንቴሉ ቺፕ ጋር ነው፤ ትልቁ ካርድ የሠራውን ምስል በእሱ በኩል ያሳልፋል። በሩ ከተዘጋ ከኋላ ያለው ካርድ ምንም ቢበረታ ዴስክቶፑ ይንቀራፈፋል። ሁለቱም ይጫኑ፣ ኢንቴሉ ይቅደም።

ድራይቨሩ ሲገባ ለውጡ ወዲያው ይታያል። ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና ይመለሳል፣ ብርሃን መቀነሻው ይመጣል፣ ታስክ ማኔጀር ላይም «ጂፒዩ 0» ይጨመራል። ያን ጊዜ ዊንዶ ሲያዞሩ ጂፒዩው 30 ወይም 40 ፐርሰንት ቢል አይደንግጡ። ቺፑ ሥራ ሲቀልለት ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ፐርሰንቱም የሚቆጠረው በዚያ ዝቅ ባለ ፍጥነት ላይ ነው። ከላይ የሚታየው ቁጥር ደግሞ የሁሉም ክፍሎች ድምር ሳይሆን በሰዓቱ ይበልጥ የተጨናነቀው የአንዱ ክፍል ነው። እንቅስቃሴው ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ቁጥሩ በሽታ አይደለም።

አሁን ወደ 4ኬ ሞኒተሩ። የ8ኛ ትውልድ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በራሳቸው የሚያወጡት ኤችዲኤምአይ 1.4 ነው፤ ይህ ደግሞ 4ኬን የሚያስተናግደው በ30 ኸርዝ ብቻ ነው። አንዳንድ አምራቾች ተጨማሪ መለወጫ ቺፕ ቦርዱ ላይ አስገብተው ኤችዲኤምአይ 2.0 ያደርጉታል፤ ያላስገቡት ብዙ ናቸው። በ30 ኸርዝ አንዱ ምስል ስክሪኑ ላይ 33.3 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ ማለትም ከተለመደው እጥፍ። ማውሱን ፈጠን አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ሲወስዱት ጠቋሚው በየቦታው ተራርቆ እየዘለለ ይሄዳል፣ እጅዎ ላይ የሆነ ነገር የጎተተው ያህል ይሰማል። «ከበድ ይል ነበር» ያሉት ይህን ይመስለኛል፤ የፕሮሰሰርም የራምም ጉድለት አይደለም።

ለማረጋገጥ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ውስጥ ይግቡ፤ ከላይ ሞኒተሩን ይምረጡና ሪፍሬሽ ሬት የሚለውን ይመልከቱ። 30 ወይም 29.97 ካለ አግኝተውታል። ዝርዝሩን ሲከፍቱ 60 ካለ መርጦ መውጣት ነው። ከሌለ ውድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ቢገዙ ለውጥ አያመጣም፤ ወሰኑ ያለው ከላፕቶፑ መውጫ ላይ ነው። መፍትሔው ዩኤስቢ-ሲ መውጫ ካለዎትና ምስል የሚያወጣ ዓይነት ከሆነ በዚያ በኩል መሄድ ነው። ከአጠገቡ የዲስፕሌይፖርት ወይም የመብረቅ ምልክት ካለ ምስል ያወጣል፤ ምልክት ከሌለው የሞዴሉን መግለጫ ያንብቡ። ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ዲስፕሌይፖርት በሚለውጥ ገመድ እነዚህ ፕሮሰሰሮች 4ኬን በ60 ኸርዝ ያወጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ያንኑ ዩኤስቢ-ሲ ይዘው፣ ዩኤስቢ 3 ቀዳዳዎችም ባሉት ማስፋፊያ በኩል ሞኒተሩን ሲሰኩ እንደገና 30 ኸርዝ ይሆናል። ዩኤስቢ-ሲ ውስጥ ለከፍተኛ ፍጥነት የሚያገለግሉ አራት መስመሮች አሉ። ማስፋፊያው ሁለቱን ለዩኤስቢ 3 ሲወስድ ለምስል የሚቀሩት ሁለት ናቸው። በእነዚህ ፕሮሰሰሮች የዲስፕሌይፖርት ስሪት ሁለቱ መስመሮች የሚያሳልፉት በሰከንድ 8.64 ጊጋቢት ያህል ነው፤ 4ኬ በ60 ኸርዝ ደግሞ ከ12 ጊጋቢት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሞኒተሩን በቀጥታ ገመድ ያገናኙት፣ ማስፋፊያውንም ለሌላው ሥራ በሌላ ቀዳዳ ይጠቀሙበት።

ዩኤስቢ-ሲው ምስል የማያወጣ ከሆነስ? በኤችዲኤምአዩ እንደተሰካ ሬዞሉሽኑን ወደ 2560 በ1440 አውርደው 60 ኸርዝ ይምረጡ። ፊደሉ ትንሽ ጥራት ያጣል፣ እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍና ድረ ገጽ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ከጠራ 30 ኸርዝ ይልቅ ትንሽ የደበዘዘ 60 ኸርዝ ይሻላል ባይ ነኝ። ፎቶ ለሚያርም ሰው ምርጫው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

የራሙ ጥያቄ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። 4ኬ 8,294,400 ፒክስል ነው፤ ከ1920 በ1080 በትክክል አራት እጥፍ። እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ አንድ ሙሉ ምስል ወደ 33 ሜጋባይት ይጠጋል። በሰከንድ 60 ጊዜ አንዴ ብቻ ሲጻፍ 2 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ዊንዶዎቹ ሲደራረቡ ደግሞ ያው መረጃ ደጋግሞ ይነበባል፣ ይጻፋል፣ በመጨረሻም ወደ ሞኒተሩ ለመላክ እንደገና ይነበባል። የኢንቴሉ ቺፕ የራሱ ማህደረ ትውስታ የለውም፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በላፕቶፑ ራም ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር እየተሻማ ነው። አንድ ዲዲአር4-2400 ራም ብቻ ካለ መንገዱ በሰከንድ ቢበዛ 19.2 ጊጋባይት ያሳልፋል። ሁለት ራም በሁለቱ ቀዳዳ ሲገባ 38.4 ይሆናል። ለግራፊክሱ የሚጠቅመው እንግዲህ ከመጠኑ መጨመር ይልቅ ሁለተኛው መንገድ መከፈቱ ነው።

ታስክ ማኔጀር ላይ ሜሞሪ የሚለውን ሲከፍቱ «ስሎትስ ዩዝድ» ከሚለው ጎን ከ2 አንዱ እንደተያዘ ካሳየዎት፣ ከነባሩ ጋር እኩል የሆነ ሌላ 8 ጊጋ መጨመር ለ4ኬ ሞኒተሩ በእርግጥ ይረዳል። የላፕቶፕ ዲዲአር4 ባለ260 እግር ነው፣ በ1.2 ቮልት ይሠራል። 3200 የሚል ቢገዙም ችግር የለውም፤ በ2400 ዝቅ ብሎ ይሠራል። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ሳይከፍቱና ሳያዩ አይግዙ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ሴቲንግ) ውስጥ ገብቶ ለግራፊክስ የተመደበውን 128 ሜጋባይት ከፍ ማድረግ ግን ለዴስክቶፕ ፍጥነት የሚያመጣው ነገር የለም። ዊንዶውስ ለቺፑ እንደ ፍላጎቱ እስከ ግማሽ ራም ድረስ ያካፍለዋል፤ አስቀድሞ ቆርጦ መስጠት ለፕሮግራሞች የሚቀረውን ከማሳነስ በቀር አይጠቅምም።

ድራይቨሩ ገብቶ፣ ኸርዙም ተስተካክሎ አሁንም ቀርፋፋ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይመልከቱ። ታስክ ማኔጀር ላይ ሲፒዩ በሚለው ሥር ስፒድ የሚል አለ። ለምሳሌ አይ5-8250ዩ መነሻው 1.6 ጊጋኸርዝ ነው፣ እስከ 3.4 ይወጣል። እየሠሩበት ሳለ 0.79 ወይም 0.39 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ጉዳዩ የግራፊክስ አይደለም፤ ማሽኑ ራሱን ልጓም አስገብቷል። ቻርጀሩን ይንቀሉና ይመልከቱ፤ ፍጥነቱ ወዲያው ከዘለለ ተጠርጣሪው ቻርጀሩ ነው። አንዳንድ አምራቾች ቻርጀሩን በመሀል ባለችው ቀጭን መርፌ በኩል ይለዩታል፤ መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ዋቱ ከሚፈለገው ካነሰ ፕሮሰሰሩን ወደ ታች ይገፉታል።

ላፕቶፑ ሲነሣ ጥሩ ሆኖ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ሙቀት ነው። ፋኑ ላይ በውጭ በኩል አየር መንፋት ብቻውን አይበቃም። አቧራው የሚጠራቀመው በፋኑና አየሩ በሚወጣበት የቀጫጭን ብረት ክንፎች መካከል ነው፤ ከፍተው ፋኑን ሲያነሡት እንደ ጨርቅ ቁራጭ ተነጥፎ ያገኙታል፣ በጣት ተይዞ በአንድ ላይ ይነሣል። ሲነፉ ፋኑን በእንጨት ነገር ይዘው እንዳይሽከረከር ያድርጉ። ባትሪውን ከቦርዱ ሳይነቅሉ ምንም አይንኩ። የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱን ከቀየሩ አሮጌውን ከ90 ፐርሰንት በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ፣ አዲሱን የሩዝ ፍሬ በምታህል መጠን ያድርጉ፤ መብዛቱ አይጠቅምም።

መንቀራፈፉ መቼ እንደሚመጣ ማስተዋልም ብዙ ያሳጥራል። ሁልጊዜ እኩል ቀርፋፋ ከሆነ የመሣል አቅም ነው፣ ከላይ እንዳየነው። ለስላሳ ሆኖ በየጥቂት ሰከንዱ ድንገት የሚገታ፣ በዚያው ቅጽበትም ድምፁ የሚንቋቋ ከሆነ አንድ ሌላ ድራይቨር፣ አብዛኛውን ጊዜ የዋይፋይ ወይም የኔትወርክ፣ ፕሮሰሰሩን ይዞ አልለቅ ብሏል፤ ሌተንሲሞን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ በስም ያወጣዋል። ብሮውዘር ውስጥ ብቻ ከሆነ በብሮውዘሩ ሴቲንግ፣ ሲስተም ሥር የግራፊክስ አክሰለሬሽን መብራቱን ይዩ፤ ድራይቨሩ ሲጠፋ ሰው ችግር ለመቅረፍ ብሎ ያጠፋውና ድራይቨሩ ሲመለስ ሳያበራው ይረሳል። ባትሪ ላይ ሲሆን ብቻ ከሆነ በኢንቴል የግራፊክስ መቆጣጠሪያ ውስጥ፣ ፓወር በሚለው ሥር ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚለውን የስክሪን ኃይል መቆጠቢያ ያጥፉና ይሞክሩት።

ቪዲዮ ብቻ፣ እሱም በከፍተኛ ጥራት ሲሆን ብቻ የሚዘል ከሆነ የቪዲዮው አፈታት ጉዳይ ነው። የእርስዎ ትውልድ ቺፕ ቪፒ9 የተባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት በራሱ ይፈታል፣ ኤቪ1ን ግን አይችልም፤ ኢንቴል ይህን የጨመረው በ2020 በወጣው በ11ኛው ትውልድ ነው። ቪዲዮው እየሄደ ጂፒዩ ገጽ ላይ ቪዲዮ ዲኮድ የሚለው ግራፍ ዜሮ ላይ ተኝቶ ፕሮሰሰሩ ከጨሰ፣ ጥራቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው።

ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ የሚመለስ ከሆነስ? ዊንዶውስ ግራፊክስ ቺፑ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን ራሱ ገድሎ ያስነሣዋል። በኢቬንት ቪውር ውስጥ ሲስተም በሚለው ሥር 4101 ቁጥር ያለው መዝገብ ካገኙ ይህ ነው የሆነው። እርስዎም ሲፈልጉ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አንድ ላይ ተጭነው ድራይቨሩን ማስነሣት ይችላሉ፤ የተከፈተ ሥራ አይጠፋም።

ግልጽነት ያለውን ዳራና አኒሜሽኑን ማጥፋት ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክር ነው። ማስታገሻ ነው፤ ድራይቨር በሌለበት ቢያጠፉት ሥሩ እንዳለ ይቀራል። 4ኬ ሞኒተር በዩኤችዲ 620 ላይ ለሚነዳ ሰው ግን ድራይቨሩ ካማረ በኋላም ቢያጠፋው ልዩነቱ ይሰማዋል፤ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከለርስ ውስጥ ያገኙታል።

ድራይቨሩን ዛሬ ይጫኑና ሪስታርት አድርገው ይዩት። ካልተስተካከለ አራት ነገር ጽፈው ይመለሱ፦ በዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር ያለውን ስም እንዳለ፣ በዲቫይስ ስታተስ ያለውን ኮድ፣ ዊንዶ እያዞሩ ሳለ የታየውን የፕሮሰሰር ፍጥነት፣ እና አድቫንስድ ዲስፕሌይ ላይ ያለውን ኸርዝ።